ዝናብ ፍለጋ የወጣ ቤት

ሾላ ባለችው የጎሚስታ ሱቄ ጎማቸው እስኪለጠፍ የሚጠብቁ ደንበኞቼ ሁሉ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ አርባ ምንጭ ሄደህ አዞ አየህ ወይ? አላየሁም። ጫሞን ከሩቅ አይቻለሁ፤ ውሃ ነው። አዞ የፈለገ ያየውን ሰው ይጠይቅ። እኔ ጎሚስታው በላቸው የሄድኩት ጣሪያ ልለጥፍ ነው፤ ያየሁትም ባብዛኛው ጣሪያ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ከመጀመሪያው ጀምሬ ማውራት ስለሰለቸኝ ጻፍኩት። ከእንግዲህ የሚጠይቀኝ ካለ ይህን እሰጠውና ሥራዬን እሠራለሁ።

ነገሩ የሆነው ከሚሌኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በሐምሌ ነው። ታናሽ ወንድሜ ተሾመ በአርባ ምንጭና በጨንቻ መካከል ሚኒባስ ይነዳል። ከመኪናቸው ኋላ ተጎታች ቤት አስረው አፍሪካን ሊዞሩ የወጡ አንድ የፈረንጅ ባልና ሚስት እሱ የተከራየበት ግቢ አረፉ። እዚያው ሞተራቸው ነከሰ። አፍሪካ በቃን ብለው በአውሮፕላን ሲመለሱ ቤቱን ለተሾመ ትተውለት ሄዱ። አልጋ፣ ጠረጴዛና ምድጃ ያለው፣ በሁለት ጎማ የሚሄድ ነጭ ቤት ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ አይደለም፤ ከኮምፔርሳቶ በላይ የተነጠፈ አንድ ወጥ ጎማ ነው። ይህ ጎማ በየጥቂት ዓመቱ ታጥቦ፣ የተቀደደው ተለጥፎ፣ ከላይ በፈሳሽ ጎማ መቀባት አለበት። ፈረንጆቹ ይህን ለተሾመ ነግረውታል። ተሾመ የተነገረውን ሁሉ በደንብ ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ግን ምንም አያደርገውም።

ከዚያ አስቴርን ወደደ። አስቴር ዶርዜ ላይ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። አባቷ አቶ ማሄ ሽማኔ ናቸው፤ በዚያ ላይ ቀርከሃ እንደ ቅርጫት እየሸመኑ ረጃጅሞቹን የዶርዜ ቤቶች የሚሠሩ ሰው ናቸው። ሚያዝያ ላይ የተሾመን ቤት ሊያዩ ወረዱ። ተሾመ ዓሳ ጠብሶ አቀረበ፣ ዝናቡ መጣ፣ ጣሪያው መጀመሪያ ዓሳው ላይ ቀጥሎም አቶ ማሄ ማጅራት ላይ አፈሰሰ። ሰውየው ማጅራታቸውን ጠረጉ። በልተው ጨረሱ፣ አመሰገኑ፣ ሊወጡ ሲሉ ግን ልጄን ዝናብ ለሚገባበት ቤት አልሰጥም አሉ። ስትጠግነው ጥራኝ፤ በዝናብ አድሬበት አየዋለሁ ብለውት ሄዱ።

ተሾመ ይህን በስልክ ነገረኝ። እናትና አባታችን ስለሌሉ ሽማግሌ ሆኖ የሚሄድለት እኔ ነኝ። «ደግሞ ጋሼ፣ ጣሪያው ጎማ ነው» አለኝ። ጎማ ከሆነ የአንተ ሥራ ነው ማለቱ ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል ጎማ ለጥፌያለሁ፤ ጣሪያ ላይ ግን ወጥቼ አላውቅም። ይህን ልነግረው ስል ስልኩ ተቋረጠ።

ሰኞ

ጎህ ሳይቀድ ከአውቶቡስ ተራ ተነሣን። አዲስ አበባ እንደ ሐምሌ ልማዷ ስትዘንብ አድራ ስትዘንብ ነጋ። ፈሳሹን ጎማ በባልዲ ይዣለሁ። ረዳቱ ባልዲው አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ይጫን አለ፤ እኔ አይጫንም አልኩ። ላይ ተጭኖ ቢፈስ አውቶቡሱ ውሃ የማያስገባ ጣሪያ ያገኛል፣ ወንድሜ ግን ሚስት አያገኝም። ይህን በዝናብ ቆሜ ለረዳቱ ማስረዳት ስለከበደኝ ባልዲውን አቅፌ ገባሁ።

አጠገቤ የተቀመጡት ወደ ካምባ የሚመለሱ ነጋዴ ሴት ናቸው። የያዝከው ምንድን ነው አሉኝ። ጣሪያ ነው አልኳቸው። ባልዲውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ቆሎ ዘግነው ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ባልዲው አንድም ነገር አልጠየቁኝም፤ ቆሎውን ግን እስከ ሆሳዕና አላቋረጡም። እንቅልፍ ሲወስደኝ ባልዲውን በእግራቸው ደግፈው ይዘውልኛል። እኛ ሰፈር ሰው አጠገብህ ተቀምጦ የሚደግፍልህ ነገር ቢኖር ኪስህን ነው።

ሶዶ ምሳ በላን። ከሶዶ በኋላ መንገዱ ኮረኮንች ሆነና ብዙም ሳንሄድ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ለእረፍት የወጣሁ ሰው ነኝ፣ አያገባኝም ብዬ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ሾፌሩና ረዳቱ ክሪኩን ያለ ቦታው ሲያስገቡ እያየሁ ትንሽ ቻልኩ። ከዚያ አልቻልኩም። ተነሥቼ ሁለቱንም ገፋሁና ራሴ ቀየርኩት። ሾፌሩ እጁን በደረቱ አድርጎ አመሰገነኝና ከጎኑ ያለውን ወንበር ሰጠኝ፤ ባልዲው ግን ከካምባዋ ሴትዮ ጋር ኋላ ቀረ። ቀሪውን መንገድ አንገቴን ወደ ኋላ አዙሬ ነው የሄድኩት።

ላንቴ ስንደርስ የሙዝ ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። እኛ ሙዝ በፍሬ እየቆጠርን እንገዛለን፤ እዚህ አንድ ሙሉ ዘለላ ጭንህ ላይ ይጥሉብህና እንደ ሕፃን ታቅፈኸው ትሄዳለህ። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ የሚባለው ሰፈር ስንገባ መሽቷል፣ ሙቀቱ ግን አልመሸበትም። ካፖርቴን አውልቄ በአንድ እጄ፣ ሙዙን በሌላው፣ ባልዲውን በጉልበቴ ይዤ ወረድኩ። ተሾመ ባጃጅ ይዞ ቆሟል። ሲስመኝ ቀድሞ ያየው ባልዲውን ነው።

ማክሰኞ

ያደርኩት እዚያው ተጎታቹ ቤት ውስጥ ነው። ስነቃ ከፊቴ ያለው የኮርኒስ ቡናማ እድፍ ነው፤ ቅርጹ የሆነ አገር ካርታ ይመስላል። ቤቱ እኔ አዲስ አበባ ከምኖርበት ክፍል ይሻላል። መሳቢያው ሲዘጋ ይዘጋል። አከራይዋ ሴትዮ ኩርኩፋ በሽፈራው ቅጠል ይዘውልኝ መጡ፤ የበቆሎ ድብልብል ነው፣ እንግዳ የሚበቃውን ያህል ሲበላ ገና አልጀመረም ይባላል። ሁለት ጊዜ በቃኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ተጨመረልኝ።

ከዚያ መሰላል ላይ ወጣን። አንድ ሰው ጣሪያው ላይ በቀጥታ እንዳይቆም ጣውላ አጋደምንና በጉልበታችን እየሄድን በሳሙናና በስፖንጅ አጠብነው። የዓመታት አቧራ ሲለቅ ጎማው ራሱ እንደ ጠመኔ ነጭ ዱቄት ይተፋል፤ እሱ እስኪጠራ ማጠብ ነው። ተሾመ ውሃ ያቀብላል፣ እኔ እፈትጋለሁ። በየጠርዙና በአየር ማስገቢያው ዙሪያ የደረቀውን አሮጌ ማሸጊያ በእንጨት ፋቅን። ቀዳዳው ያለው እዚያ ነው። እስከ ምሳ ድረስ ሥራው ሁሉ ትክክል ነበር።

ጎማ ከመለጠፉ በፊት በቤንዚን ይወለወላል። ይህ የእኔ ሃይማኖት ነው። ሠላሳ ዓመት ሳላዛንፍ ያደረግሁት ነገር ነው። ቤንዚን የነከርኩትን ጨርቅ ቅባቱ እንዲለቅ ብዬ አንዱ ጥግ ላይ አስቀምጬ ምሳ ልበላ ወረድኩ። ዓሳ ጉላሽ ነበር፤ ጥሩ ነበር፤ ዘገየሁ። ስመለስ ጥጉ እንደ ዳቦ ኩፍ ብሏል። ጫን ሳደርገው ጎማው ከኮምፔርሳቶው ተለይቶ ጣቴን ተከትሎ ይንሸራተታል። ለካ ይህ ጎማ የመኪና ጎማ ዘመድ አይደለም፤ ቤንዚን ሲነካው ያብጣል።

ተሾመ መሰላሉ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ አየው። «ጋሼ፣ አስቴርን ምን እንላታለን?» ብቻ አለ። ከዚህ ይልቅ ቢሰድበኝ ደስ ባለኝ።

ረቡዕ

ያበጠው ጥግ ተቆርጦ መውጣት አለበት፤ ለተቆረጠው ቦታ ደግሞ ልጣፍ ያስፈልጋል። ሲቀላ ወርጄ የመጀመሪያውን ጎሚስታ ስጠይቅ የሚለጠፈው የምን ጎማ ነው አለኝ። የቤት ጎማ ነው አልኩት። ቤት ጎማ አለው እንዴ ብሎ ሥራውን ትቶ ተከትሎኝ መጣ። አይቶ፣ ነካክቶ፣ አሽትቶ፣ ቤንዚን አድርገህበታል አለኝ። አዎ አልኩ። እኔም አደርግ ነበር አለኝ። በዚያች ከተማ እንደዚያ ሰው የወደድኩት የለም።

ተመልሶ ሄዶ የከባድ መኪና አሮጌ ከመነዳሪ አመጣልኝ። ያን ሁሉ ዓመት አየር ይዞ የኖረ ላስቲክ ውሃ አያሳልፍም ብለን ተስማማን። ኮምፔርሳቶውን ፀሐይ አደረቀልን፤ የአርባ ምንጭ ፀሐይ ለሌላ ነገር ብዙ አልጠቀመኝም፣ ለዚህ ግን አመሰግናታለሁ። ልጣፉን ቆርጠን ጠርዙን ክብ አደረግነው፤ ሹል ጥግ ቶሎ ይነሣል፣ በዚህ እንኳን የመኪናም የቤትም ጎማ ይስማማሉ። ማስቲሽ ቀብተን፣ ጣት ላይ መያዝ እስኪጀምር ጠብቀን፣ ለጥፈን በጠርሙስ ዳመጥነው። ሰውየው እጁን ታጥቦ ሻይ ጠጣና ሠርጉ ላይ ጥሩኝ ብሎ ሄደ። ሠርግ መኖሩን ማን እንደነገረው አላውቅም።

ሐሙስ

ፀሐይ ሳትበረታ የመጀመሪያውን ቅብ ቀባን። ፈሳሹ ጎማ እንደ እርጎ ነው፤ በሮለር ይዘረጋል፣ ቢዘገዩበት ይጓጉላል። ስንጨርስ ጣሪያው ዓይን የሚያሳውር ነጭ ሆነ። ሁለተኛው ቅብ የሚቀባው የመጀመሪያው በደንብ ከደረቀ በኋላ ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ በተሾመ ሚኒባስ ለሽምግልና ወደ ዶርዜ ወጣን።

መንገዱ ይጠመዘዛል፣ ይጠመዘዛል፣ ከዚያ ይበርዳል። ሲቀላ የረገምኩትን ካፖርት ዶርዜ ላይ ይቅርታ ጠይቄ ለበስኩት። ጉም አለ፣ እንሰት አለ፣ ከዝናብ የተነሣ ሁሉም ነገር ያንጠባጥባል። የአቶ ማሄ ቤት ከውጭ ሲታይ ዝሆን የተኛ ይመስላል። ውስጡ ጨለማና ሙቅ ነው፤ ላሞቹ በአንድ በኩል፣ ሰዎቹ በሌላው። «ሳሮ» ብለው ተቀበሉን፤ ሰላም ማለታቸው ነው። ቆጮ በዳጣ ቀረበ። አቶ ማሄ ለምግቡ ጸለዩ፣ ለመንገደኛ ጸለዩ፣ ለዝናቡ ጸለዩ፣ ለመንግሥት ጸለዩ፤ ዳጣው ግን እንዳለ ያቃጥል ነበር፣ እሱ በጸሎት አይበርድም።

የመጣሁበትን ተናገርኩ። ጣሪያው እየተሠራ ነው አልኩ። አቶ ማሄ ቤቱ ስንት ጎማ አለው ብለው ጠየቁኝ። ሽማግሌ ሆኜ በሄድኩበት ሁሉ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ዘርና ስለ ደመወዝ ነው። በመጨረሻ የሚገባው ሰው አገኘሁ ብዬ ልቤ ሞቀ።

«ሁለት ነው። ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ጥርሳቸው ገና አልተነካም። እኔው ራሴ ነፍቻቸዋለሁ። ሞያሌ ደርሰው ይመለሳሉ» አልኳቸው።

«ሞያሌ» አሉ አቶ ማሄ።

«አዲስ አበባማ ምንም አይደል።»

አስቴር የውሃ ማንቆርቆሪያ ይዛ ቆማለች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስታዳምጥ አንገቷን ዘንበል የምታደርግ ልጅ ናት። በዚያች ሰዓት ግን እያዳመጠች አልነበረም፤ ዓይኖቿን አፍጥጣ እኔን እያየችኝ ነው። የአማቷ ምትክ ስለሆንኩ አፍራ ነው ብዬ ቀጠልኩ። ስለ ቸርኬው ነገርኳቸው። ስለ ብሎኖቹ ነገርኳቸው።

ከዚያ የፈተናው ነገር ተነሣ። አርባ ምንጭ ሐምሌ ላይ አይዘንብም፤ ሰማዩ የታጠበ ሳህን ነው። ውሃ በባልዲ ብንደፋበትስ አልኩ። አቶ ማሄ ራሳቸውን ነቀነቁ። በባልዲ የምትደፋው አንተ የፈለግኸውን ያህል ነው፣ ዝናብ ግን ራሱ የፈለገውን ያህል ነው አሉኝ። ልክ ናቸው። መስከረም ድረስ ደግሞ እኔ ሱቄን ዘግቼ መቀመጥ አልችልም። ያኔ ነው ያ ብልጭ ያለልኝ ሐሳብ የመጣው። ዝናቡ እዚህ ነው ያለው፣ ቤቱ ደግሞ ጎማ አለው፤ ለምን ቤቱን ወደ ዝናቡ አናመጣውም? በራሴ ኮራሁ። አቶ ማሄ «ይምጣ» ብለው ተነሡና ወደ ላሞቻቸው ሄዱ።

ዓርብ

ቀርከሃ ሊጭን ባዶውን የሚወጣ አይሱዙ አገኘንና ቤቱን ከኋላው አሰርነው። እኔ ከሾፌሩ አጠገብ ሆኜ በመስታወቱ ጎማዎቹን አያለሁ። በየጠመዝማዛው ቤቱ ዘንበል ሲል የተሾመ ሰሃኖች ሲንሿሹ ይሰማል። ጎማዎቹ እንዳልኩት ናቸው፤ አንድም ነገር አልሆኑም።

የሆነው የሆነው ከዋናው መንገድ ወጥተን ወደ አቶ ማሄ ግቢ በሚገባው ጠባብ መንገድ ላይ ነው። አይሱዙው እንደምንም ወጣ፤ ቤቱ ግን ጭቃ ውስጥ እስከ ቸርኬው ገባ። ገመዱ ተበጠሰ። ክሪኬን አውጥቼ ሥሩ ገባሁ፤ ቤቱ ከፍ በማለት ፈንታ ክሪኩ ወደ ታች ወረደ። ድንጋይ አደረግሁበት፤ ድንጋዩም ተከተለው። ጭቃ ውስጥ ተንጋልዬ ምን ይሻላል እያልኩ ሳለ ከፊቴ ባዶ እግሮች መጡ፣ ከዚያ ሌሎች፣ ከዚያ ብዙ።

አቶ ማሄ በአጥሩ ላይ በጋሞኛ አንድ ሁለት ቃል ተጣርተው ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ወፋፍራም ቀርከሃ ይዞ መጣ። እዚያ አገር ቤት ከሥሩ ምስጥ ሲበላው የተበላው ተቆርጦ ይጣልና የቀረው እንዳለ ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ በትከሻ ይወሰዳል። ስለዚህ ቤት ተሸከሙ ሲባሉ አልገረማቸውም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ውስጡ ሰው አለ ወይ? የለም አልን። ቀርከሃውን ከሥሩ አሳለፉና አንዱ ሲያወጣ ሌላው እየተቀበለ፣ በዜማ አነሡት። እኔ ቤት በሰው ትከሻ ሲሄድ ያየሁት ያኔ ነው። ያ ያወራሁለት ጎማ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀስ ብሎ ለብቻው ይሽከረከራል።

የት እናስቀምጠው ብሎ እኔን የጠየቀኝ የለም። አቶ ማሄ በዱላቸው አንድ ቦታ አሳዩ፤ እዚያ አስቀመጡት። በሩ ከአቶ ማሄ በር ጋር ፊት ለፊት ሆነ።

ቅዳሜ

ጠዋት ሰማዩ ተከፈተ። አንድ ልብ ሆነን ጣሪያውን ወለወልንና ሁለተኛውን ቅብ ቀባን። ያገር ሰው ቆሞ ያያል። ከአቶ ማሄ ጓደኞች አንዱ ጣሪያውን እንደ እንጀራ ምጣድ ማሰሻ ትቀቡታላችሁ እንዴ ብለው ጠየቁ፤ ማስረዳት ጀመርኩና ተውኩት። ልክ ነበሩ። አሁን የቀረው እስኪደርቅ ማንም እንዳይነካው ነው አልኩና አስቴር ጠርታን ገንፎ ልንበላ ገባን።

ገንፎው ላይ ሳለን ጉሙ መጣ። እኔ አላየሁትም፤ የአቶ ማሄ ቤት መስኮት የለውም። ውጭ ያሉት ጎረቤቶች ግን አዩት። እንግዳው ለፍቶ ለፍቶ የቀባው ነገር ዝናብ ሊያጥበው ነው ብለው ደነገጡ። እያንዳንዱ ወደ ጓሮው ሮጦ የእንሰት ኮባ እየቆረጠ መጣ፣ መሰላል ላይ ወጡ፣ ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር አንዱን ኮባ በሌላው ላይ እየደራረቡ በእጃቸው ጠፍጥፈው ሸፈኑት። ከላይ እንዳይነሣ ድንጋይ ጫኑበት። ስወጣ የመጨረሻውን ድንጋይ እያስቀመጡ ነው። ሁሉም ዘወር ብለው ፈገግ አሉልኝ።

ኮባው እርጥቡ ጎማ ላይ ተጣብቋል። ባነሣው ቅቡን ይዞ ይነሣል። አልዋሽም፣ ማልቀስ አማረኝ። ተሾመ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ያዘ። እኔ ግን የእነዚያን ሰዎች ፊት አይቼ ምን ልበላቸው? እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩ። በየተራ ጨበጥኳቸው። እጃቸው ሁሉ ነጭ ነበር። ከዚያ ዝናቡ ጣለ።

አቶ ማሄ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። ጣሪያውን ቀና ብለው አዩ፣ ተጎታቹ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። የእኔ መኝታ የእሳቸው ቤት ውስጥ ተነጠፈልኝ። ሌሊቱን አላስረዝመውም። እሳቸው ጣሪያ ላይ ዝናብ ድምፅ የለውም፤ ይዝነብ አይዝነብ አይታወቅም። ተሾመ አጠገቤ ተኝቶ በየጊዜው «ጋሼ፣ እየዘነበ ነው?» ይለኛል። እንዴት ልወቅ እለዋለሁ። ለልጁ አዘንኩለት። ስለ ቤንዚኑም፣ ስለ ኮባውም በልቤ ይቅርታ ስጠይቀው አደርኩ።

እሑድ

በማለዳ ግቢው በውሃ ተሞልቷል። ሰዎች ነጠላቸውን ለብሰው፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዘው ወደ ቸርች ሲሄዱ አጥሩ ላይ ቆሙ። ከጎረቤት ያልመጣ የለም። በሩ ተከፈተና አቶ ማሄ ወጡ። መዳፋቸውን አሳዩን፤ ኮርኒሱን፣ ጥጋጥጉን ሁሉ ሲዳስሱ ማደራቸው ነው። መዳፋቸው ደረቅ ነው።

«ውሃ አልገባም» አሉ።

አስቴር ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ተሾመ አባቷን ሊስም ሲንደረደር እሳቸው እጃቸውን አንሥተው አስቆሙትና ወደ እኔ ዞረው ስሜን ጠሩ።

«በላቸው፣ ሞያሌ ይደርሳል ብለሃል።»

ብያለሁ አልኩ።

«አዲስ አበባ ምንም አይደል ብለሃል።»

እሱንም ብያለሁ። ሐሙስ ዕለት አስቴር ለምን እንደዚያ እንዳፈጠጠችብኝ የገባኝ ያኔ ነው። ሰውየው ዓሳው ላይ ውሃ ጠብ ካለበት ቀን ጀምሮ የሚፈሩት ጎማውን ነበር፤ እኔ ደግሞ ቤታቸው ገብቼ፣ ቆጯቸውን እየበላሁ፣ ልጃችሁን እስከ ኬንያ ድንበር የሚወስድ ጎማ አለን ብዬ ስምል ዋልኩ። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

«የእኛም ቤት ይሄዳል፣ አይተሃል» አሉኝ። «ግን ሰው ተሰብስቦ ነው የሚያነሣው። ሰው እንቢ ካለ ቤቱ እዚያው ነው። ይሄኛው አንድ መኪና ብቻ ነው የሚፈልገው። እኔ ያለችኝ ይህች ናት። አንድ ቀን ጠዋት ስነሣ እዚህ ጋ ሣር ብቻ ባይ፣ ማንን እጠይቃለሁ?»

ተሾመ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ላይ ነው፣ አስቴር የምታስተምረው እዚሁ ነው፣ የትም አንሄድም ብለው ሊምሉላቸው ይችሉ ነበር። ሰው ግን መሐላ ላይ አይተኛም። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ሄጄ ክሪኬን አመጣሁ። ዛሬ ከሥሩ ሰፊ ጣውላ አደረግሁበት፣ አልሰመጠም።

አንዱን ልፍታው ወይ አልኳቸው። አንድ ይበቃል አሉ። የግራውን ብሎኖች ፈታሁና ጎማውን አወጣሁት። ሠላሳ ዓመት ጎማ ፈትቼ መልሼ ሳላስር ቀርቼ አላውቅም፤ እጄ ግራ ገባው። ቀና ስል ተሾመ አጠገቤ ቆሟል። መፍቻውን ከእጄ ወሰደ። ዞሮ በቀኝ በኩል ተንበረከከና የሁለተኛውን ጎማ ብሎኖች መፍታት ጀመረ። ቸርች የሚሄዱት መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አጥሩ ላይ ደርድረው ግንድ እያንከባለሉ መጡና ቤቱን ግንዱ ላይ አሳረፉት። አስቴር በነጠላዋ ጫፍ የተሾመን ግንባር ጠረገችለት፤ በአባቷ ፊት መሆኑ ነው፣ አባቷም አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

ከመሄዴ በፊት መሰላል ላይ ወጥቼ ጣሪያውን አየሁት። ኮባው በቦታው አለ፤ ልላጠው ብል የጎማው ግማሽ ይላጣል። ይቅር አልኩ። ከላይ ቅጠል፣ ከሥሩ ነጭ ጎማ፣ ከዚያ በታች የሲቀላው ጎሚስታ ከመነዳሪ አለበት። ተሾመ እንደነገረኝ ቅጠሉ ደርቆ ረግፎ አልቋል፣ ጅማቱ ግን እስከ ዛሬ ታትሞ ይታያል። ውሃ አላስገባም። ጎረቤቶቹም እኛ ባንሸፍነው ኖሮ ይላሉ።

አቶ ማሄ ጎማዎቹን ለማንም አልሰጡም። ራሳቸው አንዱን እያንከባለሉ ወደ ቤታቸው አስገቡ፣ ተመልሰው ሁለተኛውን ወሰዱ። ተከትያቸው ገባሁ። ጎማ ከሆነ ዝም ማለት አልችልም።

«እንዲሁ ሲቀመጥ ይበላሻል?» ብለው ጠየቁኝ።

እውነቱን ነገርኳቸው። አየሩ ይወጣል፤ ጥቂት ዓመት ሲቆይ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በኋላ የትም አይሄድም። በተለይ ከእሳትና ከጭስ መራቅ አለበት አልኳቸው።

«ጥሩ» አሉ አቶ ማሄ። ሁለቱንም ጎማ ወስደው ምድጃው አጠገብ፣ ጭሱ የሚበዛበት ቦታ ላይ አስደግፈው አቆሙ። ከዚያ እጃቸውን አራገፉና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁልኝ።

«እሺ፣ ሠርጉ መቼ ይሁን?» አሉኝ።